መብራት ኃይል፦ ሁለት ጊዜ ወርዶ ሁለት ጊዜ የተመለሰው ክለብ

የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ በ1990 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሳው ቅዱስ ጊዮርጊስ አልነበረም። ኢትዮጵያ ቡናም አልነበረም። መብራት ኃይል ነበር። ዛሬ በእኛ በአርሲ ኳስ የሚወድ የአርቦዬ ወይም የአሰላ ወጣት ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም፤ እሱ ነፍስ ካወቀ ጀምሮ የክለቡን ስም የሚሰማው ከመውረድና ከማደግ ወሬ ጋር ነው። እኛ ግን በሬዲዮ ስንከታተለው ያደግነው ሌላ መብራት ኃይል ነው። ስለዚህ ክለቡን ለማያውቀው ትውልድ ማስተዋወቅ ተገቢ ይመስለኛል።

ክለቡ የመሥሪያ ቤት ልጅ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ስሙ በተለወጠ ቁጥር የክለቡም ስም አብሮ ሲለወጥ ኖሯል። አንዱ ኤልፓ፣ ሌላው መብራት ኃይል ይለው ነበር፤ አሁን ደግሞ በይፋ ኢትዮ ኤሌክትሪክ ይባላል። መሥሪያ ቤቱ በ2006 ዓ.ም. ኃይል አመንጪና አገልግሎት ሰጪ ተብሎ ለሁለት ሲከፈልም ክለቡ ተርፏል። በዕድሜ የገፉ ደጋፊዎች ግን ዛሬም መብራት ኃይል ነው የሚሉት፤ እኔም በዚሁ ስም እቀጥላለሁ።

የአገሪቱን ሻምፒዮናነት 3 ጊዜ አግኝቷል፤ በ1985፣ በ1990 እና በ1993 ዓ.ም.። ከሦስቱ የመጨረሻውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። በዚያ ዓመት ዮርዳኖስ ዓባይ የሚባል አጥቂ ለመብራት ኃይል 24 ጎል አስቆጠረ። በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል ጎል ማግባት በእኛ ሊግ ብርቅ ነው። ብዙ ኮከብ ጎል አግቢዎች ከዚያ ግማሽ ብዙም ሳይርቁ ዓመቱን የጨረሱበት ጊዜ አለ። ክብረ ወሰኑ 16 ዓመት ሙሉ ሳይነካ ቆየ። በ2009 ዓ.ም. የደደቢቱ ጌታነህ ከበደ 25 አስቆጥሮ ሰበረው፤ እሱም በአንዲት ጎል ብቻ ነው የበለጠው። ዮርዳኖስ በኋላ ወደ የመን ሄዶ ተጫውቷል። ከዚያ የ24 ጎል ዓመት ወዲህ መብራት ኃይል የሊጉን ዋንጫ አላነሳም።

ክለቡ የተዳከመው በአንድ ቀን አይደለም። ከ1993 በኋላ ጊዮርጊስ ዋንጫውን ደጋግሞ ወሰደ፤ ሀዋሳ ከተማ ሁለት ጊዜ አሸነፈ፤ ደደቢት በአጭር ጊዜ ተነስቶ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ደግሞ የክልል ከተሞች ክለቦች ከነደጋፊዎቻቸው መጡ። ጅማ፣ መቀለ፣ ጎንደር ላይ ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሲሞላ፣ መብራት ኃይል በአዲስ አበባ ስታዲየም በቡናና በጊዮርጊስ ደጋፊ መሀል ድምፁ የማይሰማ ሆነ። በመጨረሻም በ2010 ዓ.ም. ከአርባ ምንጭ ከተማና ከወልድያ ጋር ወደ ከፍተኛ ሊግ ወረደ።

ከፍተኛ ሊግ ማለት ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው እርከን ነው። ክለቦች በምድብ ተከፍለው ይጫወታሉ፤ የሚያድገው ጥቂት ነው፤ የሚቀረው ብዙ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪምየር ሊጉ በዲኤስቲቪ ሲታይ የታችኛው እርከን ከዓይን ራቀ። መብራት ኃይል እዚያ 4 ዓመት ቆየ። በ2014 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ መድንና ከለገጣፎ ለገዳዲ ጋር አደገ፤ በ2015 ተመልሶ ወረደ፤ በ2016 ከአርባ ምንጭ ጋር እንደገና አደገ።

አብሮት በ2014 ያደገው መድን በ2017 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ንግድ ባንክም በ2009 ወርዶ፣ ቡድኑ ፈርሶ፣ እንደገና ተቋቁሞ በተመለሰበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2016፣ ዋንጫውን ወስዷል። ሁለቱም የመሥሪያ ቤት ክለቦች ናቸው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት ክለብ ዘመኑ አልፎበታል የሚለውን ወሬ አልቀበልም። በጀት ያለው መሥሪያ ቤት ከጀርባ መኖሩ ክለብን ከመፍረስ ያድናል፤ መብራት ኃይልም የከፍተኛ ሊግን ዓመታት ያለፈው ለዚህ ይመስለኛል። ያላገኘው የእኔ የሚለውን ከተማ ነው።

ይህን የምለው በጃፓን የሆነውን አይቼ ነው። ፉሩካዋ ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የእግር ኳስ ቡድን አቋቋመ፤ ቡድኑ በ1986 የእስያ ክለቦች ሻምፒዮና እስከ ማሸነፍ ደረሰ። መብራት ኃይል የመጀመሪያ ዋንጫውን ባነሳበት እ.ኤ.አ. በ1993 (በእኛ በ1985) የጃፓን ፕሮፌሽናል ሊግ ሲጀመር፣ ሊጉ ክለቦች የኩባንያ ስማቸውን ትተው የአንድ ከተማ ክለብ እንዲሆኑ አዘዘ። የፉሩካዋ ቡድንም ጄፍ ዩናይትድ ተብሎ ለኢቺሃራ፣ በኋላም ለቺባ ከተማ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ2009 ወረደና ከአሥር ዓመት በላይ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ቆየ። ከተማው ግን አልተወውም፤ የቺባ ሰው ቢጫ ለብሶ ስታዲየም መግባቱን ቀጠለ። የኩባንያ ገንዘብና የከተማ ፍቅር አብረው መቆም እንደሚችሉ ከዚህ በላይ ማስረጃ አልፈልግም።

በእኛም አገር ሙከራው ነበር፤ ያውም እዚሁ አርሲ ውስጥ። ሙገር ሲሚንቶ የሜዳውን ጨዋታ አሰላ ላይ ያደርግ የነበረበትን ጊዜ የከተማው ሰው አይረሳውም። አርሲ የሯጭ አገር ነው ይባላል፤ ኃይሌም፣ ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም ከዚህ ምድር ናቸው። ኳሱን ግን ጠልተነው አናውቅም። ሙገር በ2007 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ አሰላ የፕሪምየር ሊግ እንግዳ የምትቀበልበት ምክንያት አጣች። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ2017፣ ነገሌ አርሲ ወደ ፕሪምየር ሊግ ማደጉ በዚህ ደጋ ላይ የኳስ ጥማት እንዳለ አሳይቷል።

መብራት ኃይል ደግሞ ከማንም ክለብ በላይ በየክልሉ ዘመድ አለው። የአዋሽ ወንዝ በቆቃ ግድብ ለመሥሪያ ቤቱ ኃይል መስጠት ከጀመረ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። በአርሲና በባሌ መካከል ዋቢ ሸበሌ ላይ የቆመው የመልካ ዋከና ማመንጫ 153 ሜጋ ዋት ነው። ኢተያ አካባቢም ለነፋስ ኃይል ተመርጧል። ውሃው ከእነዚህ አካባቢዎች ሲወሰድ ኖሯል፤ ቡድኑ ግን ለየትኛውም ተሰጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ ለክለቡ ባለቤቶች አንድ ጥያቄ አለኝ። 3 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ ሜዳው በሌሎች ደጋፊዎች በተያዘበት ከተማ ብቻ አይወሰን፤ ማመንጫ ካለባቸው ከተሞች አንዱን መርጣችሁ ቤቱ አድርጉለት፤ ስሙን መለወጥ አያስፈልግም። አሰላ ብትመረጥ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ አዳማ ወይም ዶዶላ ብትሆንም አልከፋም። አንባቢም እስከዚያው ኢትዮ ኤሌክትሪክ በአቅራቢያው ሲጫወት ካገኘ ገብቶ ይመልከተው።