ልቡና ሲዝል፤ ስለ አረጋውያን የመርሳት ደዌ

በደብረ ብርሃንና በአንኮበር አገር አንድ አረጋዊ መቋሚያቸውን የት እንዳኖሩ ቢረሱ የእርጅና ነገር ነው፤ ነገር ግን ስድሳ ዓመት የተመላለሱበት የቤተ ክርስቲያን መንገድ የጠፋባቸው እንደ ሆነ፣ ቤተ ዘመዱ «ጃጅተዋል፤ ዕድሜ ነው» ብሎ ቢተወውም፣ ያ እርጅና ሳይሆን ደዌ ነው። ይህን ለይቶ ማወቅ የተቻለው ሊቃውንት ብዙ ዘመን በትዕግሥት ሰውን ተከታትለው ስለ መረመሩ ነው።

ከነዚህ ምርምሮች ስመ ጥሩው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1986 ዓ.ም. ዴቪድ ስኖውደን የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ የጀመረው ነው። 75 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 678 የካቶሊክ መነኮሳይያት በየጊዜው ሊመረመሩ፣ ካረፉም በኋላ አንጎላቸው ሊታይ ፈቀዱ። በገዳሙ መዝገብ በወጣትነታቸው የጻፉት ዜና ሕይወት በተመረመረ ጊዜ፣ ጽሑፋቸው በሐሳብ የበለጸገ የነበረው እኅቶች ከብዙ ዐሥርት ዓመታት በኋላ የመርሳት ደዌ ዓይነት በሆነው በአልዛይመር እምብዛም እንዳልተያዙ ታየ።

በ1992 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በናይጄሪያ ኢባዳንና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የተጀመረው ጥናት ደግሞ፣ በየዓመቱ በመርሳት ደዌ አዲስ የሚያዙት አረጋውያን በኢባዳን ከመቶ 1.35፣ በኢንዲያናፖሊስ በሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ 3.24 መሆናቸውን ሲገልጥ፣ ደዌው የዕድሜ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። በ2024 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በላንሴት መጽሔት የተሰየመው ጉባኤም የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታን፣ የጆሮ መድከምን፣ ብቸኝነትንና የትምህርት ማነስን ጨምሮ 14 ምክንያቶች ቢታረሙ፣ ከመቶ 45 ያህሉ ደዌ ሊዘገይ ወይም ሊቀር እንደሚችል አስታወቀ።

ይህን የመሰለ ምርምር በሰሜን ሸዋ ሲደረግ ብልሃት ያሻዋል። የልደት ቀናቸው ያልተጻፈ አረጋዊን ዕድሜ ለማወቅ መርማሪው «በ1928 ዓ.ም. ጠላት ሲገባ ተወልደው ነበርን?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል፤ ፊደል ላልቆጠሩትም ወረቀትና እርሳስ የማይሻ ፈተና ያስፈልጋል። ከልጅነት ጀምሮ በቃል የተያዘ ነገር ከሁሉ ዘግይቶ የሚጠፋ ስለ ሆነ፣ ዳዊቱን ሳያዛንፉ የሚደግሙ አባት ትናንት ማን እንደ ጠየቃቸው ላያስታውሱ ይችላሉ፤ ቤተ ሰብም በዳዊቱ ተጽናንቶ ሕመሙን ሳያውቅ ይቀራል።

አገራችን ለረጅም ክትትል እንግዳ አይደለችም፤ በቡታጅራ ከ1986 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሕዝቡ ልደትና ሞት በየጊዜው ሲመዘገብ ኖሯል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአስራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስም የአውራጃውን አረጋውያን እንዲህ ባለ መዝገብ ከዓመት ዓመት ቢከታተል፣ ለወገን የሚተርፍ ዕውቀት ያተርፋል።

አንባቢ ሆይ፣ ያን መዝገብ ሳትጠብቅ ወላጆችህን ወደ ሐኪም ውሰዳቸው፤ የደም ግፊታቸው ይለካ፣ ጆሯቸውም ይመርመር። በእንቅርት ዕጢ መታወክ፣ በቫይታሚን ቢ 12 ማነስ ወይም በድብርት የመጣ መርሳት በጊዜው ከተደረሰበት የሚታከም ነውና።