‹‹ማዳበሪያ አልነካውም›› ስንት ያወጣል?

በእሁድ ገበያ ሁለት የጎመን መደቦች ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። አንደኛዋ ሻጭ ዋጋ ብቻ ትናገራለች። ሁለተኛዋ ‹‹የሐበሻ ነው፣ ማዳበሪያ አልነካውም›› ትልና ጥቂት ብር ትጨምርበታለች። ጎመኑ ለዓይን ያው ነው። ገዢ ጭማሪውን የሚከፍለው ለቃሉ ነው። ኪሱ የሳሳ ሸማች ታዲያ ይህን ቃል መግዛት ያዋጣዋል?

ወረቀቱ ወደ ውጭ ይሄዳል

በሕግ በኩል ጉዳዩ አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 488 የወጣው በ1998 ዓ.ም. ነው። በተግባር ግን የኦርጋኒክ ማረጋገጫ ሲሠራበት የሚታየው በዋናነት በወጪ ንግድ፣ ከሁሉም በላይ በቡና ነው።

ምክንያቱ ወጪ ነው። ምርቱ በኦርጋኒክ ስም ለአሜሪካ ገበያ እንዲቀርብ መሬቱ ከተከለከሉ ኬሚካሎች ለ3 ዓመት ነፃ ሆኖ መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ምርመራ አለ፣ ክፍያም አለ። የቡና ዩኒየን ይህን ወጪ ለብዙ አባላት አከፋፍሎ ይሸከመዋል። በአንዲት ቁራሽ መሬት ሰላጣና ቆስጣ የሚያለማ ገበሬ ግን አይደፍረውም። በመሆኑም በጉልት ላይ ‹‹ኦርጋኒክ›› የሚባለው አትክልት በአብዛኛው ዋስትናው የሻጩ ቃል ብቻ ነው።

ጥያቄው ሲስተካከል

ሸማቹ ብዙ ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ማዳበሪያ ነው። ትልቁ ስጋት ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። በአቃቂ ወንዞች ውኃ በሚለሙ ቅጠላ ቅጠሎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከባድ ብረቶች እንደሚገኙባቸው አሳይተዋል። ይህ በማጠብ አይለቅም፤ ወደ ተክሉ ውስጥ የገባ ነውና። ማዳበሪያ ያልነካው ሰላጣ የፋብሪካ ፍሳሽ ጠጥቶ ካደገ ንጹህ ሊባል አይችልም።

የቲማቲም ችግር ደግሞ ርጭት ነው። በመቂና በዝዋይ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ቲማቲም በሽታና ተባይ ስለሚበዛበት ፀረ ተባይ ይደጋገምበታል። ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ቀን ካልተጠበቀ መርዙ ከፍሬው ጋር ገበያ ይወጣል። ስለዚህ ብልህ ገዢ ‹‹በምን ውኃ በቀለ? መጨረሻ የተረጨው መቼ ነው?›› ብሎ ይጠይቃል። መልስ ያለው ሻጭ ከተገኘ ደንበኛ ማድረግ ነው።

የ500 ብር ስሌት

ለምሳሌ በሳምንት 500 ብር ለአትክልት የሚመድብ ቤተሰብ እንውሰድ። ኦርጋኒክ የተባለው ሁሉ 30 በመቶ ቢወደድና ሁሉንም ከዚያ ልግዛ ቢል 150 ብር መጨመር አለበት። ካልጨመረ በ500 ብሩ የሚያገኘው የ385 ብር ያህል አትክልት ብቻ ነው። ልጆች ያሉበት ቤት አትክልት ቀንሶ ኦርጋኒክ መብላት ትርፍ የለውም።

ነገር ግን ከ500 ብሩ 100 ብር የሚሆነውን፣ ማለትም ሰላጣውንና ቆስጣውን ብቻ ምንጩ ከሚታወቅ ሻጭ ቢገዛ ጭማሪው 30 ብር ነው። ልጣጩ የሚጣለውን ዱባ ከመደበኛው ገበያ መግዛት ይቻላል። ቲማቲምን በሚፈስ ውኃ አጥቦ መላጥ ከላዩ ያለውን ርጭት ይቀንሳል። ሽምብራ ክረምት ሲወጣ በመሬቱ ርጥበት የሚበቅል በመሆኑ ማዳበሪያ ብዙም አይፈልግም። ቆጮም ከጓሮ እንሰት የሚገኝ ነው፤ እንሰት በፍግ የሚያድግ ተክል ነውና። ጎመንና ቆስጣ ደግሞ አፈርና ብስባሽ በሞላ ጆንያ በግቢ ይበቅላሉ።

ሌላው መንገድ ኅብረት ነው። አምስት ጎረቤታሞች ተባብረው ከከተማ ዳር ካለ አንድ ገበሬ በየሳምንቱ ቢረከቡ የመጓጓዣውን ወጪ ይካፈላሉ። ማሳውንም በዓይናቸው ያያሉ።

ለነጋዴው የተተወ ክፍት ቦታ

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። አሠራሩ ግን አልተለወጠም። የብዙ ማሳ ምርት በደላላና በአከፋፋይ እጅ ይቀላቀላል። ጉልት ሲደርስ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

ጭነቱን ሳይቀላቅል የገበሬውን ስምና የለቀማውን ቀን መዝግቦ የሚይዝ ነጋዴ ሌላው የሌለውን ዕቃ ይዟል። ሕንድና ብራዚል ውድ ማረጋገጫ ለማይችሉ ገበሬዎች ሌላ ዘዴ ይጠቀማሉ። ገበሬዎች እርስ በርስ እየተመረመሩ፣ አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናሉ። እንዲህ ያለው አሠራር ለዕድርና ለዕቁብ አገር ባዕድ አይሆንም።

እስከዚያው ግን የአንድ ሻጭ ትልቁ ሀብት ቃሉ ነው። ደንበኛ አንድ ጊዜ ከተታለለ፣ በሚቀጥለው እሁድ ከጎን ያለው መደብ ርካሽ ነው።