ቅዳሜና እሑድ በሉጋኖ

በዙሪክ ጉዳዩን የፈጸመ ነጋዴ ወይም ሹም ሁለት የዕረፍት ቀን ቢያገኝ፥ ወደ ሉጋኖ እንዲወርድ እንመክረዋለን። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ2016 በተከፈተው፥ 57 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የጎታርድ ዋሻ አልፎ ሲወጣ፥ የየጣቢያው ጽሕፈት ጣሊያንኛ ሆኖ ይቆየዋል።

ከተማዪቱ በብሬና በሳን ሳልቫቶሬ ተራሮች መካከል በሐይቅ ዳር ተቀምጣለች። ወደ ሳን ሳልቫቶሬ ራስ፥ 912 ሜትር ከፍታ፥ ከ1890 ጀምሮ በገመድ የሚሳብ ባቡር ያወጣል። ሒሳብ ግን በስዊስ ፍራንክ ነውና፥ ቋንቋውን ሰምቶ በጣሊያን አገር ዋጋ የሚገምት መንገደኛ ኪሱ ይጎዳል።

እኛን የትርጉም ሠራተኞችን ከሐይቁ ይልቅ የሚያስቀናን ሌላ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ጣሊያንኛ የገዢ ትእዛዝ ነበረ፤ በስዊስ ግን የጥቂቶች ቋንቋ ነው። ሉጋኖ የምትገኝበት ቲቺኖ በ1803 ወደ ኅብረቱ ገባች፤ የ1848ቱ ሕገ መንግሥትም ጣሊያንኛን ከጀርመንኛና ከፈረንሳይኛ ጋር የአገር ቋንቋ አደረገው። የፌዴራሉ ሕግ ዛሬም በሦስቱ ይታተማል። በኤርትራም በ1952 ትግርኛና ዓረብኛ በሕገ መንግሥት ተደንግገው ነበር፤ ፌዴሬሽኑ በ1962 ከመፍረሱ አስቀድሞ ግን ቦታቸውን ለአማርኛ ለቀቁ።