የሞተር እገዛና የደረጃዎቹ ስያሜ
(ኤሌክትሪክ ሞተር ለተገጠመለት ብስክሌት የቀረቡ ሙያዊ ቃላት)

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ፣ በአዲስ አበባም የኮሪደር ልማት ሥራ የብስክሌት መስመሮች መዘርጋት ከጀመሩ ወዲህ፣ ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች የተጻፉ መመሪያዎችን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ከእነዚህ ውስጥ በእግር ብቻ ይነዳ በነበረ ብስክሌት ላይ የሚገጠመውን ሞተር የሚመለከቱት መመሪያዎች ለተርጓሚ አስቸጋሪ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው የሞተሩን መቆጣጠሪያ ለማዘጋጀት የሚያገለግሉትን ቃላት ነው። ለምሳሌ ያህል ከፒያሳ ተነሥቶ በአፍንጮ በር በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣና በዚያው መንገድ የሚመለስ ሰው እንወስዳለን፤ ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት በአራዳ አካባቢ የቃል ስሕተት ቶሎ ይታያልና።

የብስክሌት ክፍሎችን ስም በሚመለከት ብዙ የምንለው የለም። ብስክሌት፣ ፔዳል፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ካቴና የተባሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዥና በመንገድ ሥር ሰደዋል፤ ልንነቅላቸው አይገባም። ችግሩ ያለው ክፍሎቹ የሚሠሩትን ሥራ በሚገልጹት ቃላት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ «ፔዳል አሲስት» ለሚባለው ጽንሰ ሐሳብ የሚሰጠው ስም ነው። ነጂው ፔዳሉን ሲያዞር ሞተሩ ይነሣል፤ ማዞሩን ሲተው ሞተሩ ያቆማል። ለዚህ ርዳታ፣ ድጋፍና እገዛ የተባሉት ሦስት ቃላት ይወዳደራሉ። ርዳታ ተቀባዩ ምንም ባይሠራም ሊሰጠው የሚችል ነገር ነው። ድጋፍ የቆመው ነገር እንዳይወድቅ መያዝን ያስቀድማል፤ ምሰሶ ቤትን ይደግፋል። «አገዘ» የሚለው ግሥ ግን የሚታገዘው ሰው ራሱ በሥራው ላይ መኖሩን ይፈልጋል። ሸክም የያዘ ሰው «አግዘኝ» ቢል እኩሉን ያዝልኝ ማለቱ ነው እንጂ ሸክሙን ጨርሰህ ተቀበለኝ ማለቱ አይደለም። ስለዚህ እገዛን መርጠናል።

ይሁን እንጂ «የፔዳል እገዛ» ብለን በቀጥታ ብንተረጉም ሌላ ችግር ይገጥመናል። በአማርኛ «የ» የሚለው አያያዥ አድራጊውንም ተደራጊውንም ሊያመለክት ስለሚችል፣ አንባቢው ፔዳሉ ሞተሩን የሚያግዝ ሊመስለው ይችላል። አጋዡ ሞተሩ በመሆኑ «የሞተር እገዛ» ማለት ይሻላል። ነጂው ፔዳል ሳያዞር በእጁ መስጫውን ጠምዝዞ ሲሄድ ግን ይህ እገዛ ሊባል አይገባም፤ በሞተር መነዳት ነው። በእጅ የሚጠመዘዘውንም በመኪና «ነዳጅ መስጫ» እንደሚባለው ሁሉ «ጅረት መስጫ» ልንለው እንችላለን።

ሁለተኛውና ዋነኛው ጥያቄ የእገዛው ደረጃ ነው። በመሪው ላይ ባለው ሰሌዳ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 የሚሉ ቁጥሮች ይታያሉ፤ መመሪያውም «የእገዛ ደረጃ» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገር ግን መቆጣጠሪያዎች ሁሉ በደረጃ የሚወስኑት አንድን ነገር አይደለም። አንዳንዶቹ ለሞተሩ የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ጅረት ይወስናሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ብስክሌቱ የሚደርስበትን ፍጥነት ይወስናሉ። ልዩነቱን በቁጥር እንመልከት።

48 ቮልት ባትሪና እስከ 15 አምፔር የሚሰጥ መቆጣጠሪያ አለ እንበል። ደረጃዎቹ ጅረትን በእኩል የሚከፍሉ ከሆነ፣ ደረጃ 1 ከ3 አምፔር ማለትም ከ144 ዋት አያልፍም፤ ደረጃ 2 ደግሞ 6 አምፔር ወይም 288 ዋት ይሰጣል። ደረጃዎቹ ፍጥነትን የሚወስኑ ከሆነ ግን፣ ደረጃ 1 በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ተብሎ ቢመደብም፣ መቆጣጠሪያው ወደዚያ ፍጥነት እስኪደርስ ድረስ 15ቱንም አምፔር፣ ማለትም 720 ዋት፣ ሊለቅ ይችላል። በሰሌዳው ላይ የሚታየው ቁጥር አንድ ሲሆን የሚፈሰው ጅረት በአምስት እጥፍ ተለያየ ማለት ነው። «ደረጃ 1 ለጀማሪ ነው» የሚለውን ትርጉም አምኖ እግረኛ በበዛበት መንገድ የተነሣ ሰው ብስክሌቱ ተፈናጥሮ ሊያመልጠው ይችላል። በረጅም ዳገትም ላይ ከተመደበለት ፍጥነት ሳይደርስ ሙሉ ጅረት የሚስብ ሞተር ይግላል። ስለሆነም «የእገዛ ደረጃ» ብቻውን እንዳይጻፍ፣ እንደየአሠራሩ «የጅረት ደረጃ» ወይም «የፍጥነት ደረጃ» እንዲባል እናሳስባለን።

«ጅረት» የተባለው ቃል በሳይንስ ጽሑፎች ይሠራበታል። «ኮረንቲ» በሕዝብ አነጋገር ኤሌክትሪክን በጠቅላላ ስለሚያመለክት በአምፔር ለሚለካው መጠን አይመችም። «ኃይል» የሚለውም ለብዙ ነገር ስለዋለ፣ «የኃይል ደረጃ» የሚለውን አንደግፍም። ደረጃዎቹን በቁጥር ፈንታ ሜዳ፣ ዳገት፣ አቀበት ብሎ መሰየምም ማራኪ ሐሳብ ነበር፤ ሆኖም በዳገትና በአቀበት መካከል ተናጋሪው ሁሉ የሚስማማበት ወሰን የለም።

አሁን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 100 ኪሎ ግራም ቢመዝኑ፣ በየመቶ ሜትሩ 8 ሜትር በሚነሣ ዳገት ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 300 ዋት ገደማ ያስፈልጋል። ነጂው 100 ዋት በእግሩ ቢሰጥ፣ ከሞተሩ የሚጠበቀው 200 ዋት ያህል ነው። ከደረጃ 2 ጅረት ሦስት አራተኛው እንኳ ለጎማው ቢደርስ 216 ዋት ይሆናልና ይበቃል። የጅረት ደረጃ ባለው መቆጣጠሪያ ለእንዲህ ያለው ዳገት ደረጃ 2 መመደብ ተገቢ ይሆናል፤ ስሌቱ ግን ደረጃው ምን እንደሚወስን ለሚያውቅ ሰው ብቻ ይጠቅማል።

ሦስተኛው ጥያቄ መነሣትንና ማቋረጥን ይመለከታል። ፔዳሉ እንደዞረ መጀመሪያ የሚለቀቀው «መነሻ ጅረት» ነው። ጅረቱ ቀስ በቀስ የሚያድግበትን ሁኔታ «ዝግ አነሣስ» ብንል «የተዘጋ» ከሚለው ጋር ስለሚምታታ «አዝጋሚ አነሣስ» ብለነዋል። ፔዳሉ ከቆመ በኋላ ሞተሩ ሳያቋርጥ የሚቆይበትን ጊዜ «የማቆሚያ መዘግየት» ማለት ስለ ፍሬን የተነገረ ያስመስለዋል። እኛ «የማቋረጫ ቆይታ» እንላለን። ይህ ልክ በቁልቁለት ዋጋ አለው፤ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለሚወርድ ብስክሌት የአንድ ሰኮንድ ቆይታ 7 ሜትር ያህል በሞተር እየተገፉ መሄድ ነው። ስለዚህ በመመለሻው መንገድ ቆይታው አጭር፣ ፍሬን ሲያዝም ጅረትን የሚቆርጠው «የፍሬን ማቋረጫ» የተያያዘ ሊሆን ይገባል።

በጠቅላላው የሚከተሉትን ቃላት ለውይይት አቅርበናል፦

የሞተር እገዛ — ነጂው ፔዳል ሲያዞር ብቻ ሞተሩ የሚጨምርለት ጉልበት።
ጅረት መስጫ — ፔዳል ሳይዞር ሞተሩን በእጅ ማስነሻ።
የጅረት ደረጃ — ለሞተሩ የሚሰጠውን ከፍተኛ ጅረት የሚወስን ቁጥር።
የፍጥነት ደረጃ — በእገዛ የሚደረስበትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚወስን ቁጥር።
ዙር ዳሳሽ — ፔዳሉ መዞሩን ብቻ የሚያውቅ መሣሪያ።
ጉልበት ዳሳሽ — ነጂው ፔዳሉን ምን ያህል አጥብቆ እንደሚረግጥ የሚለካ መሣሪያ።
መነሻ ጅረት — ፔዳሉ እንደዞረ የሚለቀቀው የመጀመሪያ ጅረት።
አዝጋሚ አነሣስ — ጅረቱ ቀስ በቀስ የሚያድግበት አጀማመር።
የማቋረጫ ቆይታ — ፔዳሉ ከቆመበት ሞተሩ እስከሚያቋርጥ ያለው ጊዜ።
የፍሬን ማቋረጫ — ፍሬን ሲያዝ የሞተሩን ጅረት የሚቆርጥ መሣሪያ።
ልክ — ለአንድ ጉዳይ የተመደበ ቁጥር።
ቅንብር — የልኮቹ ሁሉ ድምር።

ከእነዚህ መካከል «ጉልበት ዳሳሽ» የሚለው በሚገባ ያረካን አይደለም። መሣሪያው የሚለካው የማዞር ጉልበትን ነው፤ ሙሉውን መጻፍ ቃሉን ያረዝመዋል፤ ማሳጠሩ ደግሞ ትክክለኛነቱን ይቀንሰዋል። «ግፊት» እንዳንል በፊዚክስ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። የተሻለ ቃል ያላቸው ተርጓሚዎችና በተለይ ብስክሌት የሚያድሱ ባለሙያዎች ሐሳባቸውን እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን።