እምቢ ማለት በሽታ ነውን?

በቋንቋችን «ደፋር» የሚለው ቃል ሁለት ፊት አለው። ወታደር በጦር ሜዳ ሳይፈራ ወደ ፊት ሲራመድ ደፋር ይባልና ይመሰገናል፤ ልጅ ደግሞ አባቱን ፊት ለፊት «አላደርገውም» ሲል በዚያው ቃል ደፋር ይባልና ይነቀፋል። አንዱ ቃል ምስጋናም ነቀፌታም ሊሆን የቻለው፣ ድፍረቱ በማን ላይና ስለ ምን እንደ ተደረገ ስለሚለያይ ነው። ይህንንም የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የአእምሮ ሕክምና እየተስፋፋ በሄደ መጠን፣ ለሥልጣን አልታዘዝም ማለት የጠባይ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ እንደ አእምሮ በሽታ ሊቈጠር ይገባዋል ወይ የሚል ጥያቄ በወላጆች፣ በመምህራንና በሐኪሞች መካከል ይነሣል። በዛሬው የቤተ ሰብ ዓምዳችን ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለመግለጽ እንወዳለን። በጽሑፉ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

አባቶቻችን «ሰማይ አይታረስ፤ ንጉሥ አይከሰስ» ሲሉ ባለ ሥልጣንን መዳፈር ከንቱ መሆኑን ያስተምሩ ነበር። ሆኖም ይህንኑ ምሳሌ የሚናገረው ሕዝብ በዳኛ ፊት ቆሞ «በላ ልበልሃ» እያለ ይሟገት፣ ፍርድ የተጓደለበት እንደ ሆነም ይግባኙን እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ያደርስ ነበር። ጕልበተኛውንም ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ማስቆም የተለመደ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ተሟጋች ይባላል እንጂ እብድ አይባልም። ሥርዐት ያለው እምቢታ በአገራችን ቦታ ነበረው ማለት ነው።

እምቢታን በሽታ ብሎ የመሰየም ታሪክ ግን በሌላው ዓለም ይገኛል፤ ታሪኩም የሚያሳፍር ነው። በ1851 በአሜሪካ አገር በሉዊዚያና ይኖር የነበረ ሳሙኤል ካርትራይት የሚባል ሐኪም፣ ጥቁር ባሮች ከጌቶቻቸው የሚኮበልሉት «ድራፔቶማኒያ» የተባለ የአእምሮ በሽታ ስለ ያዛቸው ነው ሲል ጻፈ። ስሙን ያወጣው ኮብላይ የሚለውንና እብደት የሚለውን የግሪክ ቃላት አጋጥሞ ነው። ሥራቸውን በቸልታ ለሚሠሩና መሣሪያ ለሚሰብሩ ባሮችም ሌላ የበሽታ ስም አወጣላቸው፤ በዚያም ስም ላይ ጥቁሩን ሕዝብ ለማመልከት «ኤቲዮፒካ» የሚለውን ቃል ጨመረበት። መኮብለልን ለመከላከል ካዘዛቸው ነገሮች አንዱ ግርፋት ነበር። ኮብላዩ ራሱ «ለምን ሸሸህ?» ተብሎ ቢጠየቅ ኖሮ መልሱ ቀላል በሆነ ነበር፤ ካርትራይት ግን ነገሩን የተመለከተው ከጌታው በኩል ብቻ ነው።

ከዚያ ከመቶ ዓመት በኋላ ይህን የመሰለ ነገር በሶቪየት ኅብረት ተፈጸመ። ሜጀር ጄኔራል ፒዮትር ግሪጎሬንኮ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ መኰንን ሲሆኑ፣ በ1961 በፓርቲ ስብሰባ ላይ የመሪውን አሠራር በግልጽ ነቀፉ። በ1964 ታሰሩ፤ ሞስኮ በሚገኘው በሰርብስኪ ተቋም የነበሩ ሐኪሞችም የአእምሮ በሽተኛ ናቸው ስላሉ ሆስፒታል እንዲገቡ ተደረገ፤ ማዕረጋቸውም ተገፈፈ። ከተለቀቁም በኋላ፣ ከአገራቸው በግድ ስለ ተፈናቀሉት ስለ ክሪሚያ ታታሮች መብት መናገራቸውን አልተዉምና በ1969 በታሽከንት እንደ ገና ተያዙ። የታሽከንት ሐኪሞች መርምረው ጤነኛ ናቸው አሉ፤ የሞስኮዎቹ ግን ያንን ሽረው በሽተኛ ናቸው ስላሉ እስከ 1974 ድረስ ተዘጋባቸው። ሴሚዮን ግሉዝማን የሚባል ወጣት የአእምሮ ሐኪም፣ ጄኔራሉ ጤነኛ መሆናቸውን የሚያስረዳ ጽሑፍ ካዘጋጀ በኋላ በ1972 ተይዞ ሰባት ዓመት እስራትና ሦስት ዓመት ግዞት ተፈረደበት። ጄኔራሉ ወደ አሜሪካ ከሄዱ በኋላ በ1979 በፈቃዳቸው ተመርምረው የአእምሮ በሽታ ምልክት አልተገኘባቸውም። የዓለም የሥነ አእምሮ ማኅበርም በ1977 በሆኖሉሉ ባደረገው ጉባኤ ይህን አሠራር አወገዘ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች አንድ ትምህርት እናገኛለን። በብዙው በሽታ አቤቱታ የሚያቀርበው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ ራሴን አመመኝ፣ እንቅልፍ አጣሁ ይላል። በእምቢታ ጊዜ ግን አቤት የሚለው ሳይታዘዙት የቀሩት ሰው ነው፤ ጌታው፣ አለቃው ወይም አባቱ ማለት ነው። ከሳሹ ራሱ መርማሪ፣ ራሱም ፈራጅ የሆነ እንደ ሆነ የበሽታው ስም የቅጣት ስም ይሆናል።

ይህን ስንል ግን ከእምቢታ በስተኋላ የሚሸሸግ ሕመም የለም ማለታችን አይደለም። ምክር የማይመልሳቸው፣ በትምህርት ቤትም ጓደኛ ያጡ፣ ወላጆቻቸውን ብቻ ሳይሆን ራሳቸውንም የሚያስጨንቁ ልጆች መኖራቸው እርግጥ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1980 ባሳተመው የበሽታዎች መዝገብ ላይ የእምቢተኝነትን መታወክ አስገብቷል፤ በ2013 በወጣው በአምስተኛው እትምም ስምንት ምልክቶች ተዘርዝረውለታል። እነርሱም ቶሎ ቶሎ መገንፈል፣ በትንሽ በትልቁ መከፋት፣ ዘወትር በቍጣና በቅሬታ መኖር፣ ከታላላቆች ጋር መከራከር፣ ትእዛዝን አልቀበልም ማለት፣ ሆን ብሎ ሰውን ማናደድ፣ የራስን ጥፋት በሌላ ማላከክና ቂም ይዞ መበቀል ናቸው። ከእነዚህ ቢያንስ አራቱ፣ ቢያንስ ለስድስት ወር፣ ከወንድምና ከእኅት ሌላ በሆነ ሰው ላይ ካልታዩ በቀር ስሙ አይሰጥም። እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንሻው ነገር አለ፤ ከስምንቱ ምልክቶች መከራከርና አለመታዘዝ ሁለቱ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከመከራከርና ካለመታዘዝ በቀር ሌላ ያልታየበት ልጅ፣ በዚሁ በመዝገቡ ሚዛን እንኳ ቢመዘን በሽተኛ አይባልም። መዝገቡም የፖለቲካና የሃይማኖት ልዩነት፣ በአንድ ሰውና በኅብረተ ሰቡ መካከል የሚነሣም ግጭት፣ በሰውየው ውስጥ ካለ መታወክ የመነጨ ካልሆነ በሽታ አይደለም ሲል ደንግጓል።

በአሜሪካ በኦሪገን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቡና ሊቅ ጄራልድ ፓተርሰን፣ ቤተ ሰቦችን በየቤታቸው እየተመለከተ የልጅ እምቢተኝነት እንዴት እንደሚያድግ አስረድቷል። እናት «ዕቃህን አንሣ» ትላለች፤ ልጁ ይጮኻል፤ እርሷም ጩኸቱ ሲሰለቻት ትተወዋለች። ልጁ ጩኸት ከሥራ እንደሚያድን በዚህ ይማራል። በሌላ ቀን እናት ከልጁ አብልጣ ትጮኻለች፤ ልጁ ፈርቶ ይታዘዛል። እርሷም ያለ ጩኸት የሚሆን ነገር እንደሌለ ትማራለች። እንዲህ እያሉ ሁለቱ ሳያውቁት አንዱ የሌላው አስተማሪ ይሆናሉ። ስለዚህም የዚህ መታወክ ዋናው ሕክምና ኪኒን ሳይሆን ወላጆችን ማሠልጠን ነው። አጭርና ግልጽ ትእዛዝ መስጠት፣ የታዘዘውን ልጅ ወዲያው ማመስገን፣ አስቀድሞ የተነገረውን መጠነኛ ቅጣት ሳይለዋውጡ መፈጸም፣ ዱላና ስድብንም መተው ከሥልጠናው ውስጥ ናቸው። ደግሞም ልጁ ትእዛዙን በደንብ መስማቱን፣ እንቅልፉ የተሟላ መሆኑን፣ ኀዘን ወይም ፍርሃት እንዳልደረሰበት፣ ትምህርቱም እንዳልከበደው አስቀድሞ መመርመር ይገባል። ብዙ ጊዜ እምቢተኛ የተባለው ልጅ ያልሰማ ወይም የፈራ ልጅ ሆኖ ይገኛል።

በሌላ ወገን ደግሞ መታዘዝ ሁልጊዜ የጤንነት ምልክት አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። በ1961 በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ሚልግራም የተባለ ተመራማሪ አርባ ወንዶችን እየጠራ፣ በሌላ ክፍል የተቀመጠ ተማሪ በተሳሳተ ቍጥር እያደር እየበረታ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ንዝረት እንዲሰጡት አዘዘ። ተማሪው ተዋናይ ስለ ነበር ንዝረቱ በእውነት አይደርስበትም፤ ታዛዦቹ ግን ይህን አያውቁም ነበር። ከአርባዎቹ 26ቱ እያላባቸውና እየተንቀጠቀጡ መጨረሻ እስከ ሆነው እስከ 450 ቮልት ድረስ ሄዱ፤ 14ቱ ከዚያ በፊት «አልቀጥልም» አሉ። እምቢታ ሁሉ በሽታ ከሆነ፣ በሽተኞቹ እነዚያ 14ቱ መሆናቸው ነው። ይህን የሚቀበል ልብ ያለው ሰው ይኖራል ብለን አናምንም።

ይህ ነገር ከቤት ወጥቶ ወደ መሥሪያ ቤትም ይደርሳል። የበታች ሠራተኛ «ይህ ትእዛዝ ከደንቡ ጋር አይስማማም» ሲል፣ አለቃው «ይህ ሰው ጤና የለውም» ብሎ መመለስ ይቀናዋል። በአማርኛችን «ጤና የለህም እንዴ?» የምንለው በቀላሉ ነው፤ ከባለ ሥልጣን አፍ ሲወጣ ግን የአንድን ሰው እንጀራና ስም ሊያጠፋ ይችላል። «አይስማማም» ላለው ሠራተኛ የሚገባው መልስ ደንቡን አውጥቶ አብሮ ማንበብ ነው። ሠራተኛው ተሳስቶ እንደ ሆነ በደንቡ ይታረማል፤ ትክክል እንደ ሆነም አለቃው ከጥፋት ይድናል።

እንግዲህ የኛ ሐሳብ ይህ ነው። እምቢታ ብቻውን በሽታ አይደለም። እምቢ ባዩን በሽተኛ ከማለታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የታዘዘው ነገር የሚገባ ነበርን? እምቢ ያለው ሰው ምክንያቱን ተናግሮ ተሰምቶለታልን? ራሱስ በጠባዩ እየተጨነቀና እየተጎዳ ነውን? ሦስቱም አዎን የሆኑ እንደ ሆነ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ወደ ሐኪም በጊዜ መሄድ ይገባል፤ የሚሄደውም ልጁ ብቻ ሳይሆን አባትና እናቱም ጭምር ናቸው። ሐኪሙም ከወላጆች ቀጥሎ ልጁን ለብቻው አስቀምጦ ቃሉን ይስማ። ልጅ በተሰማበት ቤት መታዘዝን ይለምዳል፤ ባልተሰማበት ቤት ግን የሚማረው መፍራትን ወይም መሸሽን ነው።