ጉልበቱን የወሰደው ማርሚታው አይደለም

በማሻና በመካነ ሰላም ደጋ የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ ዳገት ላይ ሲደክም ብዙውን ጊዜ የሚወነጀለው ማርሚታው ነው። «ታፍኗል» ይባልና ወይ ሆዱ ተቀድዶ ባዶ ይደረጋል፣ ወይ ደግሞ ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ወፍራም ቧንቧ ያለው፣ ድምፁ የሚያገሳ ማርሚታ ይመጣለታል። ለደጋ የሚሆን ማርሚታ በጉልበት ተስፋ መመረጥ የለበትም ብዬ አምናለሁ። መመረጥ ያለበት ጭሱን ሳያሾልክ ሰው ከሌለበት ቦታ አድርሶ በመጣሉና ዝገትን በመቻሉ ነው።

መካነ ሰላም ያለችው ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ ከአንድ አምስተኛ በላይ ይሳሳል። ተርቦ የሌለውን የቶዮታ ሃይሉክስ 5ኤል ሞተር እንውሰድ። መጠኑ 2,986 ሲሲ ነው፤ ደጋው ላይ በአንድ ዙር የሚስበው አየር ግን ጠረፍ ላይ ያለ 2,300 ሲሲ ሞተር ከሚስበው ብዙም አይበልጥም። የናፍጣ ፖምፓው ከፍታን የሚያውቅበት መሣሪያ ከሌለው ለቆላው የተቃኘውን ያህል ናፍጣ መርጨቱን ይቀጥላል። አየር ያጣው ናፍጣ በደንብ ስለማይነድ ጥቁር ጭስ ይሆናል፣ ጥላሸቱም ማርሚታው ውስጥ ይጋገራል። ከዚያ በኋላ ማርሚታው ተፈትቶ ጥላሸቱ ሲታይ የድካሙ ምክንያት የተገኘ ይመስላል። ፖምፓው ካልተቃኘ፣ ኢንጄክተሩና የአየር ማጣሪያው ካልታዩ ግን አዲሱም ማርሚታ ውሎ አድሮ እንደዚያው ይሆናል።

ማርሚታ ጭሱን ስለሚገታ ጉልበት ይቀንሳል የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ትክክል ነው። በእርግጥም ውስጡ ፈርሶ ቧንቧውን የዘጋ ማርሚታ ሞተር ያንቃል፤ ተርቦ ያለው ሞተርም ሰፋ ያለ መውጫ ሲያገኝ ይጠቀማል። ነገር ግን አየር ሲሳሳ የሚወጣው ጭስም ስለሚሳሳ፣ ደህና ማርሚታ ደጋ ላይ የሚፈጥረው ግፊት ቆላ ላይ ከሚፈጥረው ያነሰ ነው። ጥርጣሬ ላለበት ፈተናው ቀላል ነው። ከማርሚታው በፊት ያለውን መጋጠሚያ ለጊዜው አላልቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ያንኑ ዳገት በዚያው ጭነትና በዚያው ማርሽ መውጣት ነው። ለውጥ ከሌለ ገንዘቡ ወደ ፖምፓው ይሂድ።

የሚገዛው ማርሚታ ከቀድሞው ጋር እኩል ስፋት ያለው ቧንቧና በግድግዳ የተከፋፈለ ሆድ ቢኖረው እመርጣለሁ። በተበሳ ቧንቧ ዙሪያ የመስታወት ጥጥ የታጨቀበት ዓይነት ለቤንዚን ሞተር ይስማማል፤ ጥላሸት በሚያበዛ አሮጌ ናፍጣ ላይ ግን ጥጡ ይደፈንና ድምፅ መዋጡን ያቆማል። ከድምፁ በላይ ሊያሳስበን የሚገባው ዝገቱ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በደጋ ጠዋት፣ ከቤት እስከ ገበያ ብቻ በሚደረግ አጭር መንገድ፣ ማርሚታው ሳይሞቅ እንፋሎቱ እዚያው ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ከናፍጣው ድኝ ጋር ተቀላቅሎም ብረቱን ከውስጥ እንደ አሲድ ይበላዋል። አሉሚኒየም የተቀባ ብረት ወይም እስቴንለስ ይህንን ይችላል። ማግኔት የያዘው ሁሉ እስቴንለስ አይደለም መባሉም ስሕተት ነው፤ ለማርሚታ በብዛት የሚሠራበት 409 የሚባለው እስቴንለስ በማግኔት ይያዛል።

ዋጋው ከባድ ነው የሚለው ክርክር ግን ሚዛን ይደፋል። ያገለገሉ መኪኖች ላይ በ2012 ኤክሳይስ ታክሱ ከከበደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ለረጅም ጊዜ አብሮን እንደሚኖር ግልጽ ነው፤ የሁሉም ባለቤት አቅም እስቴንለስ አይገዛም። ስለዚህ ደሴም ሆነ መካነ ሰላም በላሜራ የሚሠራውን ማርሚታ አልንቅም። በያጁ አሮጌውን ቀድዶ የውስጥ ግድግዳዎቹን አይቶ ከቀዳ፣ ከታችም ለውሃው ትንሽ ቀዳዳ ከተወ፣ ሥራው የተከበረ ነው። ዚንክ የተቀባ የውሃ ቧንቧ መቀጠል ግን አይጠቅምም። ዚንክ በ420 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ የብየዳው መስመር ራቁቱን ይቀርና ዝገቱ ከዚያው ይጀምራል። ማርሚታውን በሽቦ ጠፍሮ ከሻንሲ ማሰርም እንዲሁ ነው። ሞተሩ በተቀመጠባቸው ጎማዎች ላይ ሲወዛወዝ ቧንቧው አብሮ መወዛወዝ ካልቻለ፣ ኮረኮንቹ ላይ የሚሰነጠቀው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት አንገት ነው። የጎማ ማንጠልጠያ ርካሽ ነው፤ ከጎማ ተቆርጦም ይሠራል።

ጩኸቱ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ለእግረኛና ለጋማ ከብት ማስጠንቀቂያ ነው የሚሉም አሉ። ገደል ግን ድምፅን እያስተጋባ አቅጣጫውን ያጠፋዋል፣ በቅሎንም ያስበረግጋል። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ሾፌሩ የማርሽ መክበድንና የፍሬን ማፏጨትን በጆሮው ሊሰማ ይገባዋል። ለማስጠንቀቂያ ጥሩንባ አለው።

ከሁሉ በላይ የምጨነቀው ስለ ቧንቧው ጫፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በይፋ አስታውቋል። በገበያ ቀን የፒካፑ ጀርባ እህል ብቻ አይጭንም፤ እናቶችና ሕፃናትም ይቀመጡበታል። መኪናው ሲሮጥ ከካቢኑ ኋላ ያለው አየር ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ሸራ የለበሰ ከሆነ ደግሞ አስቀርቶ ያከማቸዋል። ከመኪናው ሆድ ሥር የተቆረጠ ቧንቧ ጭሱን የሚለቀው ከተቀመጡት ሰዎች እግር በታች ነው፤ ያውም አየሩ ራሱ በሳሳበት አገር። ስለዚህ ማርሚታ የሚያስቀይር ሰው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ጎንበስ ብሎ ቧንቧው የጭነት ሳጥኑን ጠርዝ አልፎ መውጣቱን ይይ፤ ሞተሩ እየሠራም መጋጠሚያዎቹ ላይ ጨርቅ ይዞ የሚተነፍስ ቦታ አለመኖሩን ያረጋግጥ።