ባለ 500 ጊጋው ዲስክ ባለ 240 ውስጥ ሲገባ

ላፕቶፕ ሲንቀራፈፍ ከየአቅጣጫው የሚመጣው ምክር አንድ ነው፤ «ኤስኤስዲ አስገቡበት»። ምክሩ ትክክል ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንዲት ትንሽ ፋይል ለማንሳት የማንበቢያው ራስ ቦታው እስኪደርስ፣ ሳህኑም ዞሮ ከሥሩ እስኪመጣለት ይጠብቃል፤ ሁለቱ ሲደመሩ በአማካይ ከ15 ሚሊሰከንድ አያንሱም። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ኤስኤስዲ ይህንኑ በአንድ ሚሊሰከንድ አሥረኛ አካባቢ ይጨርሰዋል። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያነባቸው ትንንሽ ፋይሎች ደግሞ ብዙ ሺህ ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው ዕቃው ከተገዛ በኋላ ነው። አሮጌው ዲስክ 500 ጊጋ ባይት ነው፤ ኪስ የፈቀደው ኤስኤስዲ ግን 240። የጥገና ሱቁ ልጅ «እህቴ፣ ፎርማት አድርጌ አዲስ ዊንዶውስ ልጫንልሽ፤ በአንድ ሰዓት ይደርሳል» ይላል። ለተማሪ ላፕቶፕ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ ዓመታት የተከማቸ ኮተት አብሮ ይጠረጋል። የሒሳብ ክፍል ኮምፒውተር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፒችትሪ ከነመዝገቡ፣ ፓወር ግዕዝ፣ የፕሪንተር ድራይቨር፣ መጫኛ ሲዲው የት እንደገባ ማንም የማያውቀው ፕሮግራም፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። ያ ማሽን ባዶ ከሆነ እንደነበረው ለማድረግ የሚፈጀው ጊዜ የአንድ ሰዓቱን ቁጠባ ብዙ እጥፍ ይበላዋል። ሲስተሙን እንዳለ ማዛወር የሚያዋጣው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

የሚዛወረው የሲስተም ኢሜጅ ይባላል፤ ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹን፣ ቅንብሮቹንና ማስነሻውን ሳይነጣጥል የያዘ የዲስክ ቅጂ ነው። ሥራው አዲስ አይደለም። በዩኒክስ ዓለም ዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዲስክን ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ሲገለብጥ ኖሯል። በግል ኮምፒውተር ላይ ሥራውን ያስለመደው በኒውዚላንድ ተሠርቶ በ1998 እ.ኤ.አ. ሲማንቴክ የገዛው ጎስት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእኛ ጉዳይ ወሳኝ ነው። ዲዲ ባዶ ይሁን ሙሉ አይለይም፤ 500 ጊጋ ካለ 500 ጊጋ ይገለብጣል። ጎስትና ተከታዮቹ ግን የፋይል ሲስተሙን ማውጫ አንብበው የተያዘውን ብቻ ይወስዳሉ።

ታዲያ የተያዘው 118 ጊጋ ብቻ ከሆነ 240 ላይ ለምን አይገባም? ዲስክ የሚለካው በያዘው ነገር ብዛት ሳይሆን በወሰኑ ስለሆነ ነው። በዲስኩ መግቢያ ላይ የተጻፈው የፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) ሠንጠረዥ ዊንዶውስ ያለበት ሲ ከየትኛው ሴክተር ተነስቶ የት እንደሚያበቃ ይናገራል። ሰነዱ ጥቂት ቢሆንም መጨረሻው 400ኛው ጊጋ ላይ ከተመዘገበ፣ ያ አድራሻ አዲሱ ዲስክ ላይ የለም። ባለ መቶ ሉክ ደብተር ላይ የተጻፈው ሠላሳ ሉክ ብቻ ቢሆንም፣ ዘጠናኛው ላይ አንድ መስመር ካለ ከኋላ መገንጠል አይቻልም፤ ነገሩ ከዚያ አይለይም።

ነገሩ የሚያናድደው ልዩነቱ ጥቂት ሲሆን ነው። አምራቾች ጊጋን 1,000,000,000 ባይት ብለው ይቆጥራሉ፤ ዊንዶውስ 1,073,741,824 ብሎ። ስለዚህ 500 የተባለው 465፣ 256 የተባለው 238፣ 240ው ደግሞ 223 ሆኖ ይታያል። ሩቡ ብቻ የተያዘ ባለ 256 ኤስኤስዲ በባለ 250 ቢተካ እንኳ «ዲስኩ ያንሳል» የሚለው መልስ ይመጣል። የዊንዶውስ የራሱ ሲስተም ኢሜጅ መሣሪያ በዚህ የታወቀ ግትር ነው፤ መድረሻው ከቀድሞው ዲስክ ካነሰ ኢሜጁን አይመልስም። ኢሜጁን ሠርቶ፣ አሮጌውን ዲስክ አጥፍቶ ከዚያ ይህን ለሚያነብ ሰው አንድ መጽናኛ አለ። ኢሜጁ የሚቀመጠው በቪኤችዲ ወይም በቪኤችዲኤክስ ፋይል ስለሆነ፣ በዲስክ ማኔጅመንት «አታች ቪኤችዲ» ብሎ እንደ አንድ ዲስክ መክፈትና ፋይሎቹን ማውጣት ይቻላል።

ስለዚህ ዋናው ድካም መገልበጡ ላይ አይደለም፤ ከመገልበጡ በፊት ሲን ማሳጠሩ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ብዙ ላፕቶፕ ሲና ዲ ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ዲ ላይ ፊልም፣ የሠርግ ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ይከማቻል። መጀመሪያ ዲን ወደ ውጫዊ ዲስክ ማውጣት ነው። ይህ ለብዙዎች ግማሹን ችግር ይፈታል።

ከዚያ ዲስክ ማኔጅመንት ተከፍቶ፣ ሲ ላይ በቀኝ ጠቅ ተደርጎ «ሽሪንክ ቮልዩም» ይመረጣል። መስኮቱ ምን ያህል መቀነስ እንደሚቻል በሜጋ ባይት ይነግራል፤ ቁጥሩም ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። 300 ጊጋ ባዶ ቦታ ያለው ሲ፣ መቀነስ የሚችለው 150ውን ብቻ ነው ሊል ይችላል። ቦታው ጠፍቶ ሳይሆን፣ መሐል ላይ ቁጭ ብሎ አልነቃነቅ ያለ ፋይል ስላለ ነው። ተጠርጣሪዎቹ የታወቁ ናቸው፦ ራም ሲያጥር የሚያግዘው ፔጅ ፋይል፣ የሃይበርኔሽኑ ፋይል (ራሙ 8 ጊጋ በሆነ ማሽን ብዙውን ጊዜ ከ3 ጊጋ በላይ ይይዛል)፣ የሲስተም ሪስቶር ቅጂዎች። ጥፋተኛውን በስም ለማወቅ የሚፈልግ ኢቨንት ቪውወርን ይክፈት፤ «አፕሊኬሽን» በሚለው መዝገብ ውስጥ ቁጥር 259 የሆነው መልእክት ማሳጠሩን ያስቆመው የመጨረሻው ፋይል የትኛው እንደሆነ ከነመንገዱ ይጽፋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ያጋጠመኝ ጥቂት ነው፤ ብዙው በግምት ሲያጠፋና ሲያበራ ይውላል።

መፍትሔው ሦስቱንም ለጊዜው ማጥፋት፣ ማሽኑን ሪስታርት አድርጎ ዲስኩን ዲፍራግ ማድረግ፣ እንደገናም ማሳጠር ነው። ሪስቶር ሲጠፋ የቆዩ መመለሻ ነጥቦች አብረው ይጠፋሉ፤ ስለዚህ የፒችትሪው ባክአፕ ከዚህ በፊት በፍላሽ መውጣት አለበት። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ደግሞ ዲፍራግ የመጨረሻውን ምት ሊሰጠው ይችላል፤ ዲስኩ ስለ ጤንነቱ የሚመዘግበው የስማርት መረጃ መበላሸት ካሳየ ሌላውን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ ሰነድ ማዳን ነው።

ሲ 200 ጊጋ ገደማ ሲሆን መገልበጥ ይቻላል። ታይዋን ውስጥ የሚሠራው ነጻው ክሎንዚላ ከፍላሽ ይነሳል፤ መድረሻው ካነሰ በነባሪው ቅንብር እምቢ ይላል፤ በኤክስፐርት ክፍሉ ግን የዲስክ መጠን ምርመራውን መዝለልና ፓርቲሽኖቹን በመጠን አመጣጥኖ መሥራት ይቻላል። ልምድ ለሌለው ሰው ፓርቲሽኖቹን አንድ በአንድ በማውስ ጎትቶ መጠናቸውን የሚያስተካክለው ማክሪየም ሪፍሌክት ይቀላል፤ ነጻ እትሙ ግን ቀርቷል። በዩኤስቢ 2 ገመድ 118 ጊጋ ለማሻገር አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል።

ሲን ብቻ መውሰድ አይበቃም። አዲስ ማሽን ላይ ዊንዶውስን የሚያስነሳው 100 ሜጋ ባይት አካባቢ የሆነች የኢኤፍአይ ፓርቲሽን ናት፤ እሷ ከቀረች አዲሱ ዲስክ ጥቁር ስክሪን ብቻ ያሳያል። ሪከቨሪ ፓርቲሽኑ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሲ በኋላ፣ ዲስኩ ጫፍ ላይ ስለሚቀመጥ ወደ ፊት መሳብ አለበት። ጂፒቲ የሚባለው የፓርቲሽን ሠንጠረዥም መጠባበቂያ ቅጂውን የመጨረሻው ሴክተር ላይ ያኖራል፤ በዲዲ ጥሬውን የገለበጠ ሰው ይህን ሳያውቅ ቆርጦ ይጥለዋል። ከዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን የመጣ ዲስክ ሌላ ጣጣ አለው፦ ፓርቲሽኑ ከ63ኛው ሴክተር ስለሚጀምር ከኤስኤስዲው ባለ 4 ኪሎ ባይት ክፍልፋዮች ጋር አይገጥምም፣ አንዱ ጽሕፈት ሁለት ክፍል ይነካል። ከቪስታ ወዲህ አነሳሱ አንድ ሜጋ ባይት ላይ ስለሆነ ይህ የለም።

የዊንዶውስ ማመስጠሪያ የሆነው ቢትሎከር የበራበት ዲስክ ከሆነ አስቀድሞ መፈታት አለበት። ከሊኑክስ የሚነሳ መሣሪያ የተመሰጠረውን ባዶ ቦታ ከሰነድ መለየት ስለማይችል ሁሉንም እንደ ሙሉ ያየዋል፤ ዲስኩም እንደገና አልገባም ይላል። ብዙ አዳዲስ ዊንዶውስ 11 ማሽኖች ባለቤቱ ሳያውቅ ተመስጥረው ስለሚመጡ ይህን ማየት አይከፋም።

ማሽኑ በአዲሱ ዲስክ መጀመሪያ ሲነሳ አሮጌው ከማሽኑ መነቀል አለበት። ሁለቱ አንድ ዓይነት መለያ ስለያዙ አብረው ሲገኙ ዊንዶውስ አንዱን ከጨዋታ ውጭ ያደርጋል፤ ወይም ሳይታወቅ ከአሮጌው ተነስቶ «ኤስኤስዲው ምንም አልፈጠነም» ያሰኛል። አዲሱ ኤንቪኤምኢ የሚባለው የኤስኤስዲ ዓይነት ከሆነና ሰማያዊ ስክሪን ላይ «ኢንአክሰሲብል ቡት ዲቫይስ» ካለ፣ ዊንዶውሱ የአዲሱን ዲስክ ድራይቨር ገና አልጫነም ማለት ነው፤ አንዴ በሴፍ ሞድ ማስነሳት ብዙ ጊዜ ያስተካክለዋል።

ከተነሳ በኋላ ፔጅ ፋይሉን፣ ሃይበርኔሽኑንና ሪስቶሩን መልሶ ማብራት፣ የተረፈውን ቦታ ወደ ሲ መጨመር፣ የተሰረዘውን ቦታ ለኤስኤስዲው የሚያሳውቀው ትሪም መብራቱን ማየት ነው፤ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ በራሱ ይበራል። አሮጌው ዲስክ አንድ የወር መዝጊያ ሒሳብ በአዲሱ ላይ እስኪያልፍ ሳይነካ ይቀመጥ። ከዚያ በዩኤስቢ ቤት ገብቶ የዲን ፊልምና ፎቶ ሊይዝ ይችላል፤ የፒችትሪው ባክአፕ ግን እሱ ላይ ብቻ አይቀመጥ፣ ዕድሜውን ቆጥሯል።